እንጨትንና ብረትን ስለ መፈግፈግና ስለ ማለስለስ
(በውርጌሳና በአካባቢዋ በሚታየው ሥራ ላይ የተመሠረተ አጭር መግለጫ)

መግቢያ

ውርጌሳ በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው አውራ ጎዳና ሐይቅንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ በውርጌሳ በኩል አድርጎ ወደ መርሳ ይዘልቃል። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምክንያት ስለ ውጫሌ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እንዲሁ። በዚሁ ጎዳና ዳር ተቀምጠው እንጨት ስለሚልጉ፣ ማጭድ ስለሚስሉና ድስት ስለሚፈገፍጉ ሰዎች ግን ሲጻፍ ብዙ አናይም።

በዚህች ጽሑፍ የምንመለከተው እንጨትና ብረት የሚጸዱባቸውንና የሚለሰልሱባቸውን ነገሮች ነው። እነርሱም በአንድ በኩል አመድ፣ አሸዋ፣ ቅጠልና ድንጋይ፣ በሌላ በኩል ብርጭቆ ወረቀት፣ ሽቦና በቅርብ ዘመን የመጣው ሸካራ የመፈግፈጊያ ጨርቅ ናቸው። ነገሩ የቤትና የገበያ ጕዳይ ስለ ሆነ ለምርምር የማይበቃ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መፈግፈጊያው ከሚፈገፈገው ዕቃ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ድስት ይሳሳል፤ የተላገ ሳንቃ ይጠቍራል፤ በአሮጌ መስቀል ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ይጠፋል፤ የአናጢው ሳንባም ይጐዳል። ስለዚህ የሥራውን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ጥቅም አለው እንላለን።

፩. ስለ ቃላቱ

አማርኛ ለዚህ ሥራ ብዙ ግሦች አሉት፤ ግሦቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ላገ ማለት የእንጨትን ፊት በመላጊያ ገፎ ማስተካከል ነው። ሞረደ ማለት ብረትን በሞረድ መብላት ነው። ሳለ ማለት ስለት ማውጣት ነው። ፈተገና ፈገፈገ የሚባሉት ሸካራ ነገር ይዞ አጥብቆ በማሸት እድፍን ወይም ዝገትን ማስለቀቅ ነው። ወለወለ ግን በለስላሳ ጨርቅ ማጥራት ነው፤ ከዕቃው አካል የሚነሣ ነገር የለም ወይም እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ያስተዋለ ሰው የሥራውን ሕግ ግማሹን ዐወቀ ማለት ነው። ከመላግ ወደ መወልወል በተሄደ መጠን ከዕቃው የሚነሣው ነገር እያነሰ፣ የሚቀረው ጭረትም እየደቀቀ ይሄዳልና። ብዙ ጥፋት የሚመጣው ሊወለወል የሚገባው ዕቃ ሲፈገፈግ፣ ሊፈገፈግ የሚገባው ደግሞ ሲሞረድ ነው።

፪. የመፈግፈግ ምንነት

አንድ ነገር ሌላውን የሚፍቀው ከእርሱ የጠነከረ ሲሆን ነው። የማዕድን ሊቅ የነበረው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ማዕድናትን እርስ በርሳቸው እያስፋቀ ከ1 እስከ 10 በደረጃ አስቀመጣቸው። በዚህ መለኪያ በጥፍር የሚፋቀው ታልክ 1፣ ኳርትዝ 7፣ ኮረንደም 9፣ አልማዝ 10 ነው። አሉሚኒየምና ናስ ወደ 3 ይጠጋሉ፤ የመስኮት መስተዋት 5 ተኩል ያህል ነው፤ የቢላዋ ብረትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዚህ የምንረዳው ኳርትዝ ያለበት አሸዋ መስተዋትንም ብረትንም፣ ይልቁንም አሉሚኒየምን፣ ሊቧጭር የሚችል መሆኑን ነው።

ከጥንካሬው ቀጥሎ የሚቈጠረው የቅንጣቱ መጠን ነው። ትልቅ ቅንጣት ጥልቅ ጭረት ይተዋል፤ ደቃቅ ቅንጣት ደቃቅ ጭረት ይተዋል። ለስላሳ ነው የምንለው ገጽ ጭረት የሌለበት ሳይሆን ጭረቱ ዐይንና ጣት ከሚለዩት በታች የደቀቀ ነው። ስለዚህ ማለስለስ ማለት ትልቁን ጭረት በትንሽ ጭረት፣ ትንሹንም ከእርሱ በሚያንስ መተካት ነው። አንድ ደረጃ የዘለለ ሰው የፊተኛው ጭረት ይቀርበታል፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ደግሞ ጭረቱ ጐልቶ ይወጣል።

ሦስተኛው ነገር ቅንጣቱን የሚይዘው አካል ነው። ያው ቅንጣት በደረቅ እንጨት ላይ ተጣብቆ ሲታሽ ጉብታውን ብቻ ይበላል፤ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ሲሆን ግን ጉብታውንም ጐድጓዳውንም ተከትሎ ይሄዳል። የአዲሱን የመፈግፈጊያ ጨርቅ ጠባይ ለመረዳት ይህ ሦስተኛው ነጥብ ዋና ነው።

፫. ከቤትና ከደጅ የሚገኙ መፈግፈጊያዎች

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው አመድ ነው። አመድ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። በውስጡ ያለው የፖታሲየም ጨው ውሃ ሲነካው ቅባትን የማሟሟት ኀይል ያገኛል፤ ከቅባቱም ጋር ተዋሕዶ ሳሙና መሰል ነገር ይሆናል። ደቃቁ ቅንጣት ደግሞ እድፉን ይፍቃል። ሆኖም አመድ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። የዛፍ አመድ በካልሲየምና በፖታሲየም የበለጸገ ስለ ሆነ ለዘብ ይላል። የማሽላ አገዳና የገለባ አመድ ግን ብዙ ሲሊካ አለበት፤ ስለዚህ የበለጠ ይፍቃል። ሀብሩ ማሽላ አብቃይ አገር እንደ መሆኑ አገዳ በብዙ ቤት ይነዳል፤ ስለዚህ አመዱን ወደ ድስት ከመውሰድ በፊት ከምን እንደ መጣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ቅጠል ነው። ጋንና እንስራ ለጠላ ከመታጠናቸው በፊት በግራዋ ቅጠል ይታጠባሉ። ግራዋ የሸክላውን ፊት ሳይልጥ ውስጥ የተጣበቀውን ያስለቅቃል፤ መራራነቱም የታወቀ ነው። የዋንዛና የሾላ ቅጠልም ገጹ ሲዳሰስ ሸካራ ነው። ቅጠል የመፈግፈጊያዎች ሁሉ ለዘብተኛ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሦስተኛው አሸዋና ጠጠር ነው። አፉ ጠባብ የሆነ ቅል እጅ አያስገባምና ጠጠርና ውሃ ተጨምሮበት ይናጣል፤ ጠጠሩም የውስጡን ግድግዳ እየመታ ያጸዳል። ይህ ዘዴ በፋብሪካ ካለው አሠራር የራቀ አይደለም፤ በዚያም ትንንሽ የብረት ዕቃዎች ከጠጠር ጋር በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ተጨምረው ይለሰልሳሉ።

አራተኛው ሎሚ ነው። ሎሚ በራሱ መፈግፈጊያ አይደለም፤ አሲዱ ግን የናስንና የመዳብን ጥቁረት ያሟሟል። ከአመድ ወይም ከአሸዋ ጋር ሲደባለቅ ሥራው ይፈጥናል፤ ጉዳቱም እንዲሁ ይፈጥናል። በሎሚ የተጠረገ ዕቃ በብዙ ውሃ ካልታጠበና ካልደረቀ ተመልሶ ይጠቍራል።

፬. ብርጭቆ ወረቀትና ሽቦ

ብርጭቆ ወረቀት ስሙን ያገኘው ቀድሞ የተፈጨ ብርጭቆ በወረቀት ላይ በሙጫ እየተጣበቀ ይሠራ ስለ ነበር ነው። ዛሬ በብርጭቆው ፈንታ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ሲሊከን ካርባይድ ይገባበታል። ሲሊከን ካርባይድን ለገበያ በሚሆን አሠራር ያወጣው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቼሰን ነው፤ ዘመኑም 1891 እ.ኤ.አ. ነበር። ሁለቱም ከኳርትዝ የጠነከሩ ናቸው።

በወረቀቱ ጀርባ የሚታየው ቍጥር የወንፊት ነገር ነው። የጤፍ ወንፊት ከሽሮ ወንፊት እንደሚለይ ሁሉ፣ ቍጥሩ በአንድ ኢንች ውስጥ ካሉት የወንፊት ቀዳዳዎች ብዛት የመጣ ነው። ስለዚህ ቍጥሩ ሲያድግ ቅንጣቱ ያንሳል። 80 ቍጥር ላይ ያለው ቅንጣት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ 240 ቍጥር ላይ ያለው ከ0.06 ሚሊሜትር አይበልጥም። ከዚያ በታች የደቀቀውን ወንፊት ስለማይለየው በውሃ ውስጥ አስቀምጠው በዝቅጠቱ ፍጥነት ይለዩታል፤ ከባዱ ቀድሞ ይዘቅጣልና።

የብረት ሽቦ ሌላ ነው። በእርሱ ላይ ቅንጣት የለም፤ የሚፍቀው የሽቦው ጠርዝ ራሱ ነው። ድስት ላይ የተቃጠለውን ቶሎ ያነሣል። ነገር ግን ሦስት ጕድለት አለበት፦ ይዝጋል፤ እየተሰበረ ስንጥሩ በዕቃውና በጣት ይቀራል፤ ቀጭኑ ዐይነት ደግሞ በብልጭታ እሳት ይይዛል።

፭. ሸካራው የመፈግፈጊያ ጨርቅ

በቤት ስፖንጅ ጀርባ ላይ ተለጥፎ የምናየው አረንጓዴ ሸካራ ነገር የዚህ ጨርቅ አንድ ዐይነት ነው። ያወጣው በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚገኘው ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ ሲሆን ጊዜው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነበር፤ ስኮች ብራይት የሚለው ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩታል።

ጨርቅ እንበለው እንጂ አልተሸመነም። የናይሎን ወይም የፖሊስተር ቃጫ እንደ ተነደፈ ባዘቶ ያለ ሥርዐት ይነጠፋል፤ በሙጫ ይያያዛል፤ የመፈግፈጊያው ቅንጣትም ከሙጫው ጋር በቃጫው ሁሉ ላይ ይረጫል። ስለዚህ ቅንጣቱ በላዩ ብቻ ሳይሆን በውስጡም አለ፤ ላዩ ሲያልቅ ከሥር ያለው አዲሱ ይገለጣል። በቃጫዎቹ መካከል ሰፊ ክፍት ቦታ ስላለ ብናኙ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቶሎ አይደፍነውም፤ ቢደፈንም በውሃ ታጥቦ እንደገና ይሠራል። ቃጫው እንደ ሞላ ስለሚለጠጥ ቅንጣቱ ጠልቆ አይገባም፤ የበርጩማ እግርንና የተቀረጸ ጌጥንም ቅርጹን ይዞ ይከተላል። አይዝግም፤ የብረት ስንጥርም አይተውም።

ለእንጨትና ለብረት ሥራ የሚሸጠው በቀለሙ ይለያል። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው ቀይ በግምት ከ320 እስከ 400 ቍጥር ብርጭቆ ወረቀት የሚሠራውን ይሠራል። ግራጫው ሲሊከን ካርባይድ ያለበት ሲሆን ከ600 በላይ ካለው ጋር ይመዛዘናል። ነጩ ምንም ወይም እጅግ ለስላሳ ቅንጣት ብቻ ስላለበት ለማጠቢያና ለመወልወያ ነው። ሆኖም ቀለሙ በፋብሪካዎች ሁሉ ዘንድ የጸና ሕግ አይደለምና፣ ገዢው በማይታይ የዕቃው ጥግ ሞክሮ ቢጀምር ይሻላል።

ይህ ጨርቅ የማይችለውም ሥራ አለ። የጐበጠን ሳንቃ አያቀናም፤ የመላጊያን ጠባሳ አያነሣም። ለስላሳ ስለ ሆነ ጐድጓዳውን ተከትሎ ይወርዳልና ጐድጓዳው እንደ ነበረ ያብለጨልጫል። ለመላጊያና ለብርጭቆ ወረቀት ምትክ ሳይሆን የእነርሱ ተከታይ ነው።

፮. በእንጨት ላይ

በወሎ አናጢዎች ዘንድ የተመረጠው እንጨት ዋንዛ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ በብዛት ይገኛል። ሥራው በመላጊያ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት በቀጥ ያለ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ በ80፣ በ120፣ በ180፣ በመጨረሻም በ240 ይታሻል። እጁ የሚሄደው ሁልጊዜ በእንጨቱ ጭራ መንገድ ነው፤ አግድም የታሸ ጭረት እስከ መጨረሻው ያስቸግራል።

ከመጨረሻው ማሸት በፊት ሳንቃውን በረጠበ ጨርቅ አብሶ ማድረቅ መልካም ልማድ ነው። ውሃው የተኛውን ጭራ ያስነሣዋል፤ በደረቀም ጊዜ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲታሽ ተቈርጦ ይቀራል። ይህ ካልተደረገ ጭራው የሚነሣው በመጀመሪያው ቫርኒሽ ላይ ነው። ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ፣ ሁለተኛው ከመቀባቱ አስቀድሞ፣ ግራጫው ወይም ቀዩ ጨርቅ ተራው ይደርሳል፤ ገጹን አደብዝዞ ለሚመጣው ቅብ መያዣ ያደርግለታል። በመጨረሻው ቅብ ላይ ግራጫውን በሰም እያስነኩ ማሸት የሚያንጸባርቀውን አብርዶ ለስላሳ ያደርገዋል።

ለዚህ ሥራ የብረት ሽቦ ለምን እንደማይመረጥ ለማየት አንድ የባሕር ዛፍ ቍራጭ ግማሹን በሽቦ፣ ግማሹን በጨርቁ አሽተን በውሃ አረጠብነው። በማግሥቱ በሽቦ የታሸው ወገን ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፤ ሌላው ንጹሕ ነበረ። ምክንያቱ ባሕር ዛፍ ታኒን የተባለ ነገር ስላለው ነው፤ ታኒን ከብረትና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይሆናል። ታኒን ባለው እንጨት ሁሉ ላይ ይኸው ይደርሳል። አመድም በዚሁ መንገድ የእንጨቱን ቀለም ስለሚለውጥ ለእንጨት አይሆንም።

፯. በብረት ላይ

ዝገት ብረት ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ይፈረፈራል፤ እርጥበትንም እንደ ስፖንጅ ይዞ ሥሩን ይበላል። ስለዚህ ማጭድ፣ መጥረቢያና ማረሻ ከዝናብ በኋላ ተጠርገው ሊቀመጡ ይገባል። ወፍራሙ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ወይም በሻካራ ወረቀት ይነሣል፤ ስሱ በቀዩ ጨርቅና በጥቂት ዘይት ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ብረቱ በዘይት ካልታበሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ አዲስ የተፈገፈገ ብረት ከአሮጌው ይልቅ ለዝገት የተጋለጠ ነውና። ስለቱ ግን በጨርቁ አይታሽም፤ ይዶለዱማል። ስለት የመሳያ ድንጋይ ሥራ ነው።

የአሉሚኒየም ድስት ሌላ ጠባይ አለው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው በዐይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይለብሳል፤ የሚጠብቀውም ይኸው ሽፋን ነው። አመድ ይህን ሽፋን ሁለት ጊዜ ይበድለዋል፤ ቅንጣቱ ይፍቀዋል፤ በውሃ የተነሣው የአመድ ኀይል ደግሞ ሽፋኑንም ከሥሩ ያለውንም አሉሚኒየም ያሟሟል። አመድ የነካው ድስት ለጊዜው ቢያብረቀርቅም በየጊዜው እየሳሳ መሄዱ ስለዚህ ነው። ለአሉሚኒየም የሚሻለው ሳሙና፣ ሙቅ ውሃና አረንጓዴው ጨርቅ በቀላል እጅ ነው፤ የተቃጠለው ካልለቀቀ ውሃ አፍልቶ ማሳደር ከኀይል ይሻላል።

የማይዝገው ብረት በሽቦ ሲፈገፈግ የሽቦው ብናኝ ይቀርበትና ብናኙ ይዝጋል፤ ሰውም ዕቃው የዛገ ይመስለዋል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዝገት የማይነካው በላዩ በተቀባው ዚንክ ነው፤ ቆርቆሮን አጥብቆ የፈገፈገ ሰው ዚንኩን ገፎ ለዝገት ይከፍተዋል።

፰. ስለ ጥንታውያን ዕቃዎች

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። በአካባቢው ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የናስ፣ የመዳብና የብር መስቀሎችና ጽንሐሖች ይገኛሉ። ለበዓል ማብረቅረቅ የአክብሮት ምልክት ስለ ሆነ፣ በሎሚና በአመድ ወይም በአረንጓዴው ጨርቅ ሊፈገፈጉ ይችላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን እያንዳንዱ መፈግፈግ ከመስቀሉ ጥቂት ማንሣቱ ነው። የተቀረጸው ጽሑፍና ሐረግ ጥልቀቱ ጥቂት ነው፤ የወርቅ ቅብ ያለበትም ቅቡ እጅግ ስስ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚፈገፈግ መስቀል በሰዎች ዕድሜ የሰጪውን ስም ያጣል፤ ያ ስም ደግሞ ለታሪክ ጸሓፊ ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ጥቁረቱም ሁልጊዜ እድፍ አይደለም። በናስና በመዳብ ላይ የሚታየው ጥቁር ወይም ቡናማ ሽፋን ሥር ያለውን ብረት ይሸፍነዋል፤ የዕቃውንም ዕድሜ ይመሰክራል። ስለዚህ በጥንታዊ ዕቃ ላይ የሚፈቀደው በደረቅና በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አቧራን ማንሣት ብቻ ነው ብለን እናምናለን። ከዚያ የሚበልጠው ሁሉ ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ሊተው ይገባል። በየበዓሉ ማብረቅረቅ የግድ ከሆነ ለዚያ አዲስ መስቀል አሠርቶ አሮጌውን ማሳረፍ ይቻላል።

፱. ስለ ጤና

ማለስለስ ብናኝ ማውጣት ነው። ከዚህ ብናኝ ዐይን የማያየው ደቃቁ ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨትን ብናኝ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሥራ ቦታ የሚተነፈሰውን የክሪስታል ሲሊካ ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ቈጥሯቸዋል። ስለዚህ አናጢ በዝግ ቤት ከሚያሽ በነፋስ በኩል ቢያሽ፣ አፍና አፍንጫውን ቢሸፍን፣ ብረትንም በደረቁ ከመፈግፈግ በውሃ ወይም በዘይት አርጥቦ ቢፈገፍግ ራሱን ይጠብቃል። ወለሉም ከመጠረጉ በፊት ውሃ ቢረጭበት መልካም ነው።

ሌላው አደጋ እሳት ነው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ሲጣል ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱም መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይነካው ጨርቁ ይቀጣጠላል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም በውሃ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ይጠቃለላል፤ ይኸውም ለዕቃው ከሚበቃው ሁሉ ለዘብተኛውን መፈግፈጊያ መርጦ መጀመር፣ ያልሆነ እንደ ሆነም አንድ ደረጃ መጨመር ነው። ከጠንካራው ጀምሮ ወደ ለዘብተኛው የሚመለሰው ገና ቅርጽ የሚያወጣ አናጢ ብቻ ነው። አዲሱ ጨርቅም ቢሆን አሮጌዎቹን ሁሉ የሚሽር አይደለም፤ ለጋን ግራዋ፣ ለስለት ድንጋይ፣ ለቅል ጠጠር እስከ ዛሬ የተሻሉ ናቸው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ በዐዋጅ ቢከለከልም የእጅ ሥራን ዕውቀት ከዕውቀት አለመቍጠር ግን በእኛ በተማሪዎች ዘንድ እንኳ ፈጽሞ አልጠፋም። ከሞስ መለኪያ ጋር የሚስማማ ሕግ በየገበያው ዳር በግራዋ፣ በአመድና በጠጠር ሲሠራበት ኖሯል። እንግዲህ ወደ ቤተ ሰቦቻችን ስንመለስ በየአገራችን በየትኛው ቅጠል፣ በየትኛው ድንጋይና በየትኛው አመድ ምን እንደሚጸዳ ጠይቀን ብንመዘግብ፣ የመምህራኖቻችን ቤተ ሙከራም ቢመረምረው፣ ለሠራተኛውም ለትምህርቱም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። ስለ ሌላው አገር የሚያውቅ ጓደኛችን በዚሁ መጽሔት ቢጽፍበት ደስ ይለናል።